ኤንቫይሮቶን፦ የሃይስኩል ተማሪ ያላቸው ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

ሜሪላንድ ውስጥ ለኤንቫይሮቶን የሚዘጋጁ የሃይስኩል ቡድኖችን በበጎ ፈቃድ እረዳለሁ። ሒሳብ፣ ሮቦቲክስ፣ ዲቤት ሲባል የሐበሻ ልጆች አይጠፉም። እዚህ ውድድር ላይ ግን የማያቸው ጥቂት ናቸው። ችሎታ አንሷቸው አይደለም፤ ቤተሰቡ ስለ ውድድሩ ስላልሰማ ነው። ይህ ያስቆጨኛል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በልደት ግብዣ፣ በስልክ የምጠየቃቸውን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያለሁ። ምሳሌዎቼ ወደ ሜሪላንድ ያደላሉ። ሌላ ስቴት ወይም ካናዳ ከሆናችሁ ዝርዝሩ ይለያይ ይሆናል እንጂ መሠረቱ አንድ ነው።

ኤንቫይሮቶን ምንድን ነው?

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው ስለ አካባቢና ስለ ተፈጥሮ ሀብት የሚወዳደሩበት ነው። አምስት ዘርፎች አሉት። አፈርና የመሬት አጠቃቀም አንዱ ነው። ውሃና በውሃ ውስጥ ያለ ሕይወት፣ ደን፣ የዱር እንስሳት ይከተላሉ። አምስተኛው በየዓመቱ የሚቀያየር ወቅታዊ ጉዳይ ነው። በ2022 ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ ነበር። በ2023 ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ፣ በ2024 ታዳሽ ኃይል፣ በ2025 ደግሞ የደን አያያዝ ሆነ።

ውድድሩ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ በካውንቲ ወይም በአካባቢ፣ ቀጥሎ በስቴት ይካሄዳል። በመጨረሻ የየስቴቱና የካናዳ ፕሮቪንሶች አሸናፊዎች በዓመት አንዴ፣ በሰመር ዕረፍት ይገናኛሉ፤ ከዚህ በኋላ ትልቁ ውድድር የምለው ይህን ነው። ከቻይናም ቡድን መጥቶ ያውቃል።

ትልቁ ልዩነቱ ፈተናው በብዛት ደጅ መሆኑ ነው። ልጆቹ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አፈር ያያሉ፤ ወንዝ ዳር ቆመው ድንጋይ ይገለብጣሉ፤ ዛፍ ይለካሉ።

ማን ነው የጀመረው?

በ1979 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የአፈር ጥበቃ ዲስትሪክቶች ናቸው የጀመሩት። በ1988 ከአንድ ስቴት በላይ የሚሳተፍበት ሆነ። ዛሬ ትልቁን ውድድር የሚመራው ናሽናል ኮንሰርቬሽን ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ነው።

እነዚህ ዲስትሪክቶች ምን እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙዎቻችን አጠገባችን እያሉ አናውቃቸውም። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ እርሻ በድርቅ ተመታ። ሣሩ ተገልብጦ ታርሶ ስለነበር አፈሩን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ነፋስ እያነሳው ሰማዩን አጠቆረው። ሂዩ ሐሞንድ ቤኔት የሚባል የአፈር ባለሙያ ምክር ቤቱን ወተወተ፤ በ1935 የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። በ1937 ደግሞ የመጀመሪያው ዲስትሪክት ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ተቋቋመ። አሁን በመላው አሜሪካ 3,000 ያህል ዲስትሪክቶች አሉ። ገበሬው አፈሩ እንዳይሸረሸር፣ ማዳበሪያው ወደ ወንዝ እንዳይገባ ያማክራሉ።

ይህን የማነሳው ልጃችሁን የሚፈትኑት ሰዎች እነዚህ ስለሆኑ ነው። የአፈር ጥያቄውን የሚያወጣው በሥራው ሁሉ አፈር ሲቆፍር የኖረ ባለሙያ ነው። የደኑን የሚያወጣው ደግሞ የደን ባለሙያ ነው። ልጆቹ ከፈተናው በኋላ ቆመው ሊያናግሯቸው ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ሰው አግኝቶ መጠየቅ ትልቅ ዕድል ነው።

ልጄ ብቻዋን መወዳደር ትችላለች?

አትችልም። ቡድኑ አምስት ነው። በየጣቢያው፣ ማለትም ለየዘርፉ በተዘጋጀው የፈተና ቦታ፣ አምስቱ ተመካክረው አንድ የመልስ ወረቀት ይሞላሉ። ጎበዟ አንዷ ሁሉንም ልትሸከመው አትችልም፤ ጊዜውም አይበቃም። ስለዚህ አብዛኞቹ ቡድኖች ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ አፈርን፣ ሌላዋ ውሃን ጠለቅ አድርጎ ይይዛል። ግን እያንዳንዱ የጓደኛውንም ዘርፍ በመጠኑ ማወቅ አለበት። አንዱ በፈተናው ቀን ቢታመም ምን ይሆናል? ለዚህ ነው ተጠባባቂ ልጅ መያዝ ጥሩ የሚሆነው።

በውድድሩ ቀን በትክክል ምን ያደርጋሉ?

ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራሉ። በየጣቢያው የተወሰነ ደቂቃ አላቸው፤ ፊሽካ ሲነፋ ወረቀት አስረክበው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ስልክ አይፈቀድም።

አፈር ጋ የተቆፈረ ጉድጓድ ይጠብቃቸዋል። የጉድጓዱን ግድግዳ አይተው ንብርብሮቹን ይለያሉ። ላይ ያለው ጠቆር ያለ፣ ሥር የበዛበት አፈር የት ያበቃል? ከሥሩ ያለው ቀላ ይላል ወይስ ግራጫ ነው? ቀይና ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ውሃ በደንብ ያልፍበታል ማለት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት አየር አግኝቷል። ግራጫ ነጠብጣብ ካለው ግን በዓመቱ ውስጥ ውሃ የሚተኛበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ ቤት ለመሥራት ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ለመቆፈር ያሰበ ሰው ቢጠይቃችሁ ምን ትመክሩታላችሁ? ጥያቄው እንዲህ ነው የሚመጣው።

ከዚያ የእጅ ሙከራው አለ። እፍኝ የማይሞላ አፈር ይወስዳሉ፤ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ እንደ ሊጥ ያሹታል። ድቡልቡል ከሆነላቸው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ ጥብጣብ ያወጡታል። ጥብጣቡ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ ሸክላው አነስተኛ ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተሳበ ሸክላ አፈር ነው። በመካከል ከሆነ መካከለኛ። ቀጥሎ ትንሽ አፈር መዳፍ ላይ በውሃ አርጥበው በጣት ይፈትጉታል። ቆርቆር ካለ አሸዋ አለበት፤ ከለሰለሰ ደለል አለበት። ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ ማወቅ አይቻልም። እጅ ደጋግሞ መንካት አለበት።

ደን ጋ የዛፍ ዓይነት ይለያሉ፤ ውፍረትም ይለካሉ። አሜሪካ ውስጥ የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 4.5 ጫማ ከፍ ብሎ ነው፤ 1.37 ሜትር መሆኑ ነው። ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ለ3.14 ማካፈል ነው። ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዛፉ ዳገት ላይ ቢሆንስ? ያኔ የሚለካው ከላይኛው በኩል ቆሞ ነው። ብዙ ቡድን ነጥብ የሚጥለው እንዲህ ያለችው ላይ ነው።

ውሃ ጋ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት)፣ የተሟሟ ኦክስጅን፣ ውሃው ምን ያህል ጥርት ያለ ወይም ድፍርስ እንደሆነ ይለካሉ። በጣም የምወደው ግን ድንጋይ መገልበጡ ነው። ከድንጋዩ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት የወንዙን ጤና ይናገራሉ። ስቶንፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ ሁለት ጭራ አለው፤ ብክለትን አይችልም። እሱ ካለ ወንዙ ደህና ነው። ትልና አልቅት ብቻ ከተገኘ ግን የሆነ ችግር አለ። አንድ ጊዜ ተለክቶ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ውሃ ትናንት ተበክሎ ሊሆን ይችላል። ነፍሳቱ ግን ወራቱን ሁሉ እዚያው ናቸው።

የዱር እንስሳት ጋ የራስ ቅል፣ ቆዳ፣ ኮቴ፣ ፋንድያ ይቀርባል። ዓይኑ ወደ ፊት የሚያይ አዳኝ ነው፤ ዓይኑ በጎን የሆነ ታዳኝ ነው። አንዳንዴ የተበላ ቅርንጫፍ ይሰጣቸውና ማን በላው ይባላሉ። ጫፉ የተቦጫጨቀ ከሆነ አጋዘን ነው፤ በሰያፍ ቁርጥ ያለ ከሆነ ጥንቸል ነው። ምክንያቱ? አጋዘን የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ ይዞ ይገነጥላል እንጂ አይቆርጥም። በግ ያረባ ወላጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ በግም የላትማ።

ከጣቢያዎቹ ሌላ ዳኞች ፊት የሚቀርብ ገለጻ አለ ይባላል። የቃል ፈተና ነው?

አዎ፣ ይህ ከባዱ ክፍል ነው። ቡድኑ አንድ እውነተኛ የሚመስል ችግር ይሰጠዋል። ለምሳሌ አንድ ገበሬ ወንዝ ዳር ያለ እርሻውን ለፀሐይ ኃይል ኩባንያ ሊያከራይ ፈልጓል እንበል። ጎረቤቶቹ ይቃወማሉ፤ ካውንቲው የታክስ ገቢ ይፈልጋል፤ ወንዙ ውስጥ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ አለ። ምን ይደረግ? ልጆቹ ያለ አሠልጣኝ እርዳታ ተወያይተው መፍትሔ ያዘጋጃሉ፤ ዳኞች ፊት ያቀርባሉ፤ ለጥያቄም ይመልሳሉ። በትልቁ ውድድር አምስቱም መናገር አለባቸው።

ነጥቡም ከባድ ነው። በትልቁ ውድድር አምስቱ ፈተናዎች እያንዳንዳቸው 100፣ ገለጻው ብቻውን 200፣ ድምሩ 700 ነው። በየጣቢያው ጎበዝ ሆኖ ገለጻ ላይ የወደቀ ቡድን አያሸንፍም።

ዳኞቹ ትክክለኛ አንድ መልስ አይጠብቁም። ዛፉን፣ አፈሩን፣ ውሃውን አያይዞ ማሰብን ነው የሚፈልጉት። ወንዝ ዳር ዛፍ ይተከል የሚል ቡድን ዝም ብሎ አይለፍ። ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሥሩ ዳርቻውን ያጸናል፤ የሚረግፈው ቅጠል ነፍሳቱን ይመግባል፤ ነፍሳቱ ዓሣውን። ይህን የተናገረ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል። ወጪውንና የሚከፍለውን ሰው ከጨመረበት ደግሞ ዳኞቹ ቀና ብለው ያዩታል።

ልጄ ከኢትዮጵያ ከመጣ ገና ነው። እንግሊዝኛው አይከለክለውም?

ያስቸግረዋል፤ አይከለክለውም። የሙያ ቃላቱ እዚህ ለተወለዱትም አዲስ ናቸው። ሁሉም ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ጣቢያ ላይ ደግሞ እጅና ዓይን ብዙ ይሠራሉ። ገለጻው ላይ ግን ቀደም ብሎ መለማመድ አለበት። አጭር ክፍል ይያዝ፤ በቃሉ ሳይሆን ገብቶት ይናገረው። ጓደኞቹ አምስት ደቂቃ ሲናገሩ እሱ ሁለት ደቂቃ ቢናገር ምንም አይደለም።

ገጠር ያደገ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ የሌላቸው ነገር አለው። ዳገት ላይ ዝናብ ሲወርድ አፈር እንዴት እንደሚሄድ በዓይኑ አይቷል።

እኛ ወላጆች በምን እንረዳለን? ሳይንሱን አናውቀውም።

እንደምታስቡት አይደለም። ይህን ጥያቄ በረጅሙ መመለስ እፈልጋለሁ፤ የሐበሻ ቤተሰብ ከሌሎች የሚበልጥበት አንድ ቦታ ካለ ይኼ ነው።

ከወላጆቻችን መካከል ስንቱ ነው ዋልካ አፈር ላይ ያደገ? ክረምት ጫማ የሚያወልቅ፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መሬት። ያ አፈር በሳይንሱ ቨርቲሶል ይባላል፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሸማቀቅ ሸክላ የበዛበት ነው። ልጃችሁ ጥብጣቡን ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲስብ እናንተ በልጅነታችሁ የረገጣችሁትን ጭቃ እየነካ ነው። ንገሩት። ገበሬው ለምን ጎመኑን እዚያ፣ ጤፉን እዚህ እንደሚዘራ ንገሩት። እርከን ለምን በዳገቱ ወገብ ዙሪያ እንደሚሠራ፣ ከላይ ወደ ታች ለምን እንደማይሠራ አስረዱት። አሜሪካኖቹም ይኸንኑ በዳገቱ ዙሪያ አርሰው፣ በእርከን ከልለው ያስተምራሉ።

የቆየ ሰው ለጉብኝት ከመጣ አያመልጣችሁ። አያት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ከሚያዩ አብረው ፓርክ ይሂዱ። ልጁ የአሜሪካውን ዛፍ ስም ይንገራቸው፤ እሳቸው ደግሞ የወይራውን፣ የጥዱን፣ የዋንዛውን ጠባይ ይንገሩት። የትኛው እንጨት ለሞፈር፣ የትኛው ለማገዶ እንደሚሆን፣ የትኛው ጥላው ሥር እህል እንደማያበቅል። ይህ የደን እውቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወራሪ ዝርያ የሚባለው ርዕስ ሲመጣ ጣና ላይ የበቀለውን እምቦጭ አንሱ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አበባው የሚያምር ተክል ሐይቁን ሲሸፍን፣ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ማንቀሳቀስ ሲያቅተው ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጁ ይህን ምሳሌ በራሱ አንደበት ገለጻው ላይ ካመጣው ዳኛው አይረሳውም። ደግሞም ከኢንተርኔት የቀዳው ሳይሆን የራሱ ነው።

ሌላው እርዳታ ቀላል ነው፦ መኪና። ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ዳር አድርሱት፤ ውጡና አብራችሁ ቁሙ።

ምን ያጠናሉ? ከየት ያገኛሉ?

መማሪያው ነፃ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን የንባብ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። በዚያ ላይ የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ዌብ ሶይል ሰርቬይ የሚባል ካርታ አለው። የቤታችሁን አድራሻ ብታስገቡ ጓሯችሁ ምን አፈር እንደሆነ ያሳያችኋል። ልጁን በዚህ ብታስጀምሩት ጥሩ ነው። የራሱን ቤት አፈር ያየ ልጅ መጽሐፉን ለመክፈት አይለመንም።

ከዚያ የአካባቢውን ውሃ ይወቅ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያለን ሰዎች ሁላችንም ማለት ይቻላል የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ተፋሰስ ውስጥ ነን። ስፋቱ 166,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያው የዓባይ ተፋሰስ 200,000 ገደማ መሆኑን ካሰባችሁ ትልቅነቱ ይታያችኋል። ስድስት ስቴቶችንና ዲሲን ይነካል። ባሕረ ሰላጤው ግን ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 6.5 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከሣር ሜዳችን የሚታጠበው ማዳበሪያ ቶሎ ይጎዳዋል። በማዳበሪያው ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌ የሚባለውን ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ያበዛሉ፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ሸርጣኑና ዓሣው ይታፈናሉ። ኦይስተር የሚባለው በቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ፣ ትልቅ ከሆነ፣ በጥሩ ሁኔታ ውስጥ አንዱ ብቻውን በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጣራል። ኦይስተሩ ሲቀንስ ማጣሪያው ቀነሰ ማለት ነው።

ሲያትል ያላችሁ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ነገር ሳታውቁ እንዳትሄዱ። ሚኒሶታ ያላችሁ ሐይቆቹን፣ ካልጋሪ ያላችሁ ከሮኪ ተራሮች የሚወርደውን የቦው ወንዝ እወቁ።

ስንት ያስከፍላል?

በአካባቢ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው ወይም ትንሽ መመዝገቢያ አለው፤ እሱንም ትምህርት ቤቱ ወይም ዲስትሪክቱ ይሸፍነዋል። ቦት ጫማና የዝናብ ጃኬት ካለው ይበቃል። አዲስ አትግዙ።

ጾም ላይ ቢውልስ?

የአካባቢው ውድድር በጸደይ ስለሚሆን ዐቢይ ጾም ላይ ሊውል ይችላል። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ብዙውን ጊዜ ስለ ምግብ የሚጠይቅ ቦታ አለ። ቪጋን ብላችሁ ሙሉ፤ ይገባቸዋል። ሐላል የሚበላ ልጅም እንዲሁ ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ ከመናገር አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል፤ ብዙ ልጅ ማስቸገር ስለሚመስለው ዝም ብሎ በባዶ ሆዱ ይውላል። ለማንኛውም ቦርሳው ውስጥ ቆሎ አድርጉለት። እስከ ከሰዓት የሚጾም ከሆነ ደግሞ አሠልጣኙ ይወቅ፤ ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት።

ጫካው አያስፈራም? እባብ፣ መዥገር?

እባቡ ብዙ አያሳስበኝም። መዥገሩ ግን ያሳስበኛል። የምሥራቁ ክፍልና ሚኒሶታ አካባቢ ያለው ጥቁር እግር መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ይልበስ፤ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ይክተት፤ ፀረ ነፍሳት ይቀባ። ማታ ቤት ሲገባ ብብቱን፣ ከጉልበቱ ጀርባ፣ ከጆሮው ኋላ፣ የፀጉሩን ሥር እዩ። የተጎነጎነ ፀጉር ያላቸው ልጆች ላይ ረጋ ብላችሁ ፈልጉ። በሽታውን ለማስተላለፍ መዥገሩ በአብዛኛው ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ያንኑ ማታ መንቀሉ ይጠቅማል። በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቅቤ መቀባት፣ በእሳት ማቃጠል አያስፈልግም።

ፖይዝን አይቪ የሚባለውን ተክልም አሳዩት። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። ከነካው ቶሎ በሳሙና ይታጠብ።

ልጄ ሴት ናት። ማደር አለባት ሲሉኝ ደነገጥኩ።

የካውንቲው ውድድር የአንድ ቀን ነው፤ ማታ ቤቷ ትገባለች። የስቴቱ በአንዳንድ ቦታ ሌሊት ያሳድራል። ትልቁ ውድድር ግን ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ነው የሚያድሩት። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ናቸው፤ ከቡድኑ ጋር ኃላፊነት ያለበት አዋቂ ይሄዳል።

ያላችሁን ስጋት በግልጽ ጠይቁ። ከማን ጋር ታድራለች? ማታ ማን ይቆጣጠራል? ስልኳ መቼ ይመለስላታል? አሠልጣኙ እነዚህን ለመመለስ ደስ ይለዋል። አብሮ የሚሄድ ወላጅ የሚፈለግበት ጊዜም አለ፤ እናት ራሷ መሄድ ትችል እንደሆነ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ከመከልከል ይሻላል።

ውድድሩ ካናዳ ቢሆን የወረቀት ጉዳይስ?

ይህ ጥያቄ የሚገባ ጥያቄ ነው። ትልቁ ውድድር በ2023 ኒው ብረንዝዊክ፣ በ2025 ደግሞ ካልጋሪ ነበር። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ግሪን ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ግን መያዝ አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈ ማሳደሱ ጊዜ ስለሚወስድ ስቴት ላይ እስኪያሸንፍ አትጠብቁ።

የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ከጠበቃችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ልጁን ድንበር እንዳታሻግሩ። የካውንቲውና የስቴቱ ውድድር ግን እዚሁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከቡድኑ አይቅር።

ለኮሌጅ ይጠቅመዋል? ሽልማትስ?

ትልቁ ውድድር ላይ ከፍተኛ ደረጃ ያገኙ ቡድኖች ስኮላርሺፕ ያገኛሉ። ብዙ ስቴትም የራሱ ሽልማት አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ ነው፤ ወንዝ ማጽዳትና ዛፍ መትከል ብዙ ጊዜ ይቆጠራል፤ የትምህርት ቤቱን አስተባባሪ ጠይቁ።

የኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰት ላይ ደግሞ የሚጽፈው ነገር ይኖረዋል። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስላየው ነገር የጻፈ ልጅ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

አፈር እንዲቆፍር ነው እንዴ አሜሪካ ያመጣሁት?

ይህን ያለኝ አባት አንድ ብቻ አይደለም። ስሜቱ ይገባኛል። ከእርሻ ለመውጣት ብዙ ዋጋ የከፈለ ሰው ልጁ ጭቃ ነክቶ ሲመጣ ደስ ላይለው ይችላል። ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ የኮምፒውተር ባለሙያ እንዲሆን ነው ሌት ተቀን የሚሠራው።

ግን እዚህ አገር የአፈር ባለሙያነት በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ሙያ ነው። የውሃ ማጣሪያ መሐንዲስ፣ የአካባቢ ሕግ ጠበቃ፣ በሳተላይት ምስል ካርታ የሚሠራ ሰው፣ የሕዝብ ጤና ባለሙያ፣ ሁሉም ከዚህ ይነሳሉ። ሐኪም መሆን የሚፈልግም ቢሆን ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ውሃ ሕፃን ላይ ምን እንደሚያደርግ ቢያውቅ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ከሙያውም በላይ አንድ ነገር አለ። መሬትን የሚያውቅ ሰው እኛ ዘንድ የሚከበር ሰው ነበር። ልጆቻችን ያንን እውቀት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሲጥሉት ማየት አልፈልግም።

ኢትዮጵያ ላለ ትምህርት ቤት ይህን ማምጣት ይቻላል?

የውድድሩን ስም መያዝ ሳያስፈልግ አሠራሩን መውሰድ ይቻላል። ብዙ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለው፤ ችግኝ ይተክላል። በዚያ ላይ የጣቢያ ውድድር ቢጨመር ወጪው አካፋ፣ ሜትርና ወረቀት ነው። አንድ የአፈር ጉድጓድ፣ አንድ ወንዝ፣ በፈቃድ የተገባበት የቤተ ክርስቲያን ደን፣ አንድ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣ ባለሙያ፣ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ። ባሕር ዳር እምቦጭን፣ ሐዋሳ የሐይቁን ደለል፣ ድሬዳዋ ጎርፍን ወቅታዊ ጉዳይ አድርጎ መያዝ ይችላል። እዚህ ያለን ሰዎች የጥያቄ አዘገጃጀቱን በአማርኛ መላክ እንችላለን፤ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

የልጄ ትምህርት ቤት ቡድን የለውም። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ የባዮሎጂ ወይም የኢንቫይሮመንታል ሳይንስ አስተማሪውን ያናግር። ራሱ ልጁ ቢያናግር ይመረጣል፤ አስተማሪ ተማሪ ሲጠይቀው እምቢ ለማለት ይቸገራል። አምስት ፈቃደኛ ልጆችን ስም ይዞ ከሄደ ሥራው ግማሽ አለቀ። አስተማሪው ባለሙያ መሆን የለበትም፤ ልጆቹን አብሮ የሚይዝ ኃላፊ ነው የሚፈለገው።

ቀጥሎ የካውንቲያችሁን የአፈር ጥበቃ ዲስትሪክት ስልክ ፈልጋችሁ ደውሉ። ኤንቫይሮቶን አስተባባሪው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ባለሙያ ልከው ልጆቹን ያሠለጥናሉ። በአንዳንድ ስቴት ትምህርት ቤት ባይሆንም ፎር ኤችን የመሰለ የወጣቶች ክበብ ወይም ቤት ውስጥ የሚማሩ ልጆች ቡድን ማስመዝገብ ይችላል።

ጊዜውን አስቡበት። ትምህርት ሴፕቴምበር ላይ ሲከፈት ቡድን ማሰባሰብ፣ የብርዱን ወራት በሙሉ ማንበብ፣ ማርች ላይ ደጅ መውጣት። የአካባቢው ውድድር በብዛት ኤፕሪልና ሜይ ላይ ነው። መመዝገቢያው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ከገና በፊት ቀኑን አረጋግጡ።